ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ከረማችሁ? ጋዜጣችሁን ለዓመታት አንብቤያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ባህር ጠለል መጨመር የምታወጧቸውን ጽሑፎች ተከታትዬ ነው የማነባቸው። ስለሚቀልጠው በረዶ ትጽፋላችሁ። ስለ መሪዎች ጉባኤም ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው፣ ይጻፍ። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይጎድለኛል። ባህሩ ከፍ ሲል ውሃው የማን ቤት ይግባ፣ የማን ቤት አይግባ የሚለው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው። የፍሳሽ ክፍሉ ውስጥ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥበት መስኮት ጋ፣ የከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ። እዚያ ስለሚሠራውና ስለማይሠራው ነገር ግን ብዙም ሲጻፍ አላይም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ለረጅም ጊዜ የሠራሁት የጎርፍ ማፋሰሻ መስመር ላይ ነው፤ ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1901 እና በ2018 መካከል የዓለም የባህር ጠለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። አንድ ስንዝር ገደማ ነው። ሰው ይህንን ሲሰማ «ይቺን ታህል ነው እንዴ?» ይላል፤ አልፈርድበትም። ግን ፍጥነቱን እዩት። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ አይፒሲሲ የሚባለው፣ በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንዳስቀመጠው እስከ 1971 ድረስ ጭማሪው በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር ነበር። ከ2006 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ግን 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ወደ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ በየብስ ላይ ያለው በረዶ ደግሞ ቀልጦ ባህሩ ላይ ይጨመራል። እስከ 2100 ድረስ፣ ዓለም የጭስ ልቀቱን በጣም ከቀነሰ ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ በጣም ከጨመረ ደግሞ ከ63 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ገደማ ይጨምራል ብለው ይገምታሉ። ትልልቆቹ የበረዶ ንጣፎች ባልተጠበቀ ሁኔታ ከፈረሱ ወደ 2 ሜትር ሊጠጋ የሚችልበትንም ዕድል ጨርሶ አይሆንም አላሉም።

አሁን ያቺ ስንዝር ምን እንደምትሠራ ላሳያችሁ። በባህር ዳርቻ ባለ ከተማ የዝናብ ማፋሰሻ ቱቦ የሚቀበረው ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ነው። ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ ባህር ይገባል፤ ሞተር የለው፣ ምን የለው። የቱቦው አፍ የሚቀመጠው ቱቦው በተቀበረበት ዘመን ባህሩ ከነበረበት ከፍታ ትንሽ በላይ ነው። ባህር ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም፤ በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። እንግዲህ ባህሩ ስንዝር ከፍ ሲል፣ በሙላት ሰዓት የቱቦው አፍ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቱቦው ወደ ኋላ መሥራት ይጀምራል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ የዝናብ ጠብታ ሳይኖር፣ መንገድ ዳር ካለው የብረት ክዳን ሥር ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። መጀመሪያ የመንገዱን ጠርዝ ይሞላል። ከዚያ አስፋልቱን ይሸፍናል። ቀምሰው ሲያዩት ጨው ነው። የመኪናውን ሆድ ይበላል፣ የመንገድ ዳሩን ሣር ያደርቃል፣ ከመሬት ሥር ያለውን የመብራት ሳጥን ያዝጋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሄዳል፤ ሰውም ረስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

መፍትሔ ተብሎ ቀድሞ የሚመጣው ቫልቭ ነው። የባህሩን ውሃ ወደ ከተማ የማያስገባ፣ የዝናቡን ግን የሚያስወጣ፣ ባንድ በኩል ብቻ የሚከፈት። ርካሽ ነው፣ ጥሩም ነው። ችግሩ በሙላት ሰዓት ዝናብ ከጣለ ነው። ቫልቩ ተዘግቷል፤ ዝናቡ የት ይሂድ? ስለዚህ ፓምፕ ይመጣል። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። መብራት ደግሞ የሚጠፋው ያው ማዕበል በሚመጣበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ጄኔሬተር ይመጣል። ጄኔሬተሩ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካልተቀመጠ እሱም ይሰጥማል። አያችሁ? ከአንዲት ስንዝር ተነስተን የት እንደደረስን።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ባህር ዳርቻ ላይ ያለችው ማያሚ ቢች ይህንን ሁሉ በራሷ ላይ አይታዋለች። ከተማዋ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር መድባ ፓምፕ ተከለች፣ ዝቅ ያሉ መንገዶቿን ከፍ አደረገች። ብዙ ቦታ ሠርቷል፤ ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን መንገዱ ከፍ ሲል ዳርና ዳር ያሉት ሱቆች ባሉበት ቀሩ፤ ደንበኛ ከመንገድ ወደ ታች ደረጃ ወርዶ የሚገባባቸው ሆኑ። በ2017 ነሐሴ ወር ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ፓምፖቹ መብራት ጠፋባቸውና መንገዶቹ በውሃ ተሞሉ። ይህንን የማነሳው ከተማዋን ለመውቀስ አይደለም። ከብዙዎች ቀድማ የሞከረች ከተማ ናት፤ ከእሷ የምንማረው መንገዱን፣ ሱቁን፣ መብራቱንና ኢንሹራንሱን ለየብቻ ማቀድ እንደማያዋጣ ነው።

አሁን ወደ ግንባታ ፈቃድ ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው ወረቀት እሱ ነውና። አንድ ሕንፃ ሲሠራ ቢያንስ 50 እና 60 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ዛሬ ማኅተም የሚያርፍበት ፈቃድ የ2080ን ባህር የሚመለከት ውሳኔ ነው። ማኅተሙን የሚያሳርፈው ክፍል ግን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ካርታ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ውሃ የት እንደደረሰ የሚያሳይ። ነገ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ቢኖር እንኳ በሌላ ክፍል፣ በሌላ መሳቢያ ነው ያለው። ላይ ደግሞ ተመራጮቹ አሉ። የሥልጣን ዘመናቸው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። አዲስ ሕንፃ ማለት ለከተማው አዲስ ግብር ማለት ነው፤ ባህር ዳርቻ ላይ ያለ ሕንፃ ደግሞ ውድ ነው፣ ግብሩም ከፍ ያለ ነው። «እዚህ አትሥሩ» ማለት በጀትን በገዛ እጅ መቀነስ ነው። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይመስለኝም። የተቀመጡበት ወንበር ነው ወደዚያ የሚገፋቸው። ለዚህ ነው ነገሩ በግለሰብ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በደንብ መታሰር ያለበት።

በደንብ ያሰሩ አሉ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትገኘው ኖርፎክ በ2018 የሕንፃ ደንቧን ቀየረች። አዲስ የሚሠራ ሰው የጎርፍ አደጋን ለመቀነስ፣ የዝናብ ውሃን በግቢው ለመያዝና መብራት ሲጠፋ ለመቋቋም በሚያደርገው ዝግጅት ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡ ካልሞላ ፈቃድ የለም። በተቃራኒው የሄዱም አሉ። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የሳይንቲስቶች ቡድን በ2010 እስከ 2100 ድረስ ለ1 ሜትር ጭማሪ መዘጋጀት ይሻላል ብሎ ነበር። በ2012 የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣና፣ የግዛቲቱ ኤጀንሲዎች ጭማሪው እየፈጠነ ይሄዳል በሚል ስሌት ላይ ደንብ እንዳያወጡ ለተወሰኑ ዓመታት ከለከለ። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ቤት ተሠርቶ ይሆን? ስንት ሰው በ30 ዓመት ብድር ገዝቶ ገብቶበት ይሆን?

አንድ ስብሰባ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከተማውን አልጠራም። ነዋሪው ተጠርቶ እቅድ ቀረበለት። በጣም ቆንጆ ሥዕል ነበር፤ አረንጓዴ ዳርቻ፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች፣ ዛፍ የተተከለበት ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ። ራእይ፣ ግብ፣ ስትራቴጂ ተባለ። ከዚያ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ውሃው እኔ በር ጋ የሚደርሰው ባህሩ ምን ያህል ከፍ ሲል ነው? ያን ጊዜስ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። የሚመልስ ጠፋ። «ጥናቱ በሂደት ላይ ነው» ተባለ፤ ማይክራፎኑም ወደ ሌላ ሰው ተወሰደ። እኔም ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ የሳቸውን ሰፈር ቱቦ አፍ ከፍታ አውቀዋለሁ፤ አልተናገርኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

እቅድ ማለት የእኚያን እናት ጥያቄ የሚመልስ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃው እዚህ ምልክት ሲደርስ ይህን እናደርጋለን፣ ገንዘቡ ከዚህ ይመጣል፣ ኃላፊው ይሄ ክፍል ነው። ይህ ከሌለበት መቶ ገጽ ይኑረው ሁለት መቶ፣ እቅድ ልለው አልችልም።

ለመሆኑ እንዲህ ዓይነት እቅድ ያለው አለ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ አለ። ለንደን ቴምስ ወንዝ ላይ ትልቅ መዝጊያ አላት፤ 520 ሜትር ስፋት አለው፣ በ1984 ነው በይፋ የተመረቀው። ማዕበል ሲመጣ በሮቹ ተነስተው ባህሩ ወደ ከተማዋ እንዳይገባ ያግዱታል። ነገር ግን መዝጊያው ዘላለም እንደማይበቃ ስለሚያውቁ፣ በ2012 እስከ መቶ ዓመቱ መጨረሻ የሚዘልቅ እቅድ አወጡ። የእቅዱ ብልሃት አንድ ቁጥር ላይ ሙጭጭ አለማለቱ ነው። ባህሩ በዚህ ፍጥነት ከሄደ በዚህ መንገድ፣ በዚያ ፍጥነት ከሄደ በዚያ መንገድ ብሎ ብዙ መንገድ አስቀምጧል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር መቼ መወሰን እንዳለበትም ጽፏል። የባህሩን ከፍታ፣ የግንቦቹን ሁኔታ፣ የዳርቻውን መሸርሸር እየለኩ በየጊዜው ይመለሱበታል። በ2023 ሲያድሱትም ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከመዝጊያው በላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት በኩል ያሉት የወንዝ ዳር ግንቦች ከፍ የሚደረጉት በ2065 ነው ተብሎ የነበረው 15 ዓመት ወደ ፊት መጥቶ 2050 ሆነ። ለኩ፣ አዩ፣ ቀኑን ቀየሩ። እኔ ከሁሉም በላይ የማከብረው ይሄንን ነው። «ተሳስተናል» ብሎ ቀን መቀየር የሚችል እቅድ።

ሆላንዶችን ሳያነሱ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት አይቻልም። ከአገራቸው ሩብ ያህሉ ከባህር ጠለል በታች ነው። በ1953 የካቲት ወር መጀመሪያ ላይ በሌሊት ባህሩ ግድቦቹን ጥሶ ገብቶ 1,836 ሰው ገደለባቸው። ልብ የሚሰብረው፣ ዮሐን ፋን ፌን የሚባለው የመንግሥት የውሃ መሐንዲስ ከዚያ በፊት ግድቦቹ ደካማ ናቸው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። አገሪቱ ከጦርነት ወጥታ ራሷን በመጠገን ላይ ስለነበረች ገንዘቡ ወደ ሌላ ሄደ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው እነዚያ ስመ ጥር ግድቦችና መዝጊያዎች የተሠሩት፤ በሮተርዳም በኩል ያለው ግዙፍ መዝጊያ በ1997 ተጠናቀቀ።

ሰው ግን የሚያደንቀው ብረቱንና ኮንክሪቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ የአከፋፈላቸው ነገር ነው። የውሃ ቦርድ የሚባሉ አካባቢያዊ መንግሥታት አሏቸው፤ ዛሬ 21 ናቸው፣ ሥራው ራሱ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ ይመርጣቸዋል። ግብር የሚሰበስቡት ራሳቸው ናቸው፤ ያ ግብርም ለውሃ ሥራ ብቻ ነው የሚውለው። ከንቲባው መጣ ሄደ፣ ለስታዲየም ወይም ለአደባባይ ተብሎ የግድቡ ገንዘብ አይነካም። እያንዳንዱ ዋና ግድብ ምን ያህል ጠንካራ መሆን እንዳለበትም በሕግ ተጽፏል፤ በ2050 ሁሉም እዚያ ደረጃ ላይ መድረስ አለባቸው። አንድ ተራ ነዋሪ ተነስቶ «የእኔ ሰፈር ግድብ ከሕጉ በታች ነው» ማለት ይችላል ማለት ነው። እኚያ እናት እዚያ ቢሆኑ ኖሮ መልስ አላቸው።

ገንዘብ የሌለበት እቅድ ምኞት ነው። ፎስተር ሲቲ የምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ በባሕረ ሰላጤ ዳር በአፈር በተሞላ መሬት ላይ ነው የተሠራችው። በ2018 ምክር ቤቷ ነዋሪውን ፊት ለፊት ጠየቀ፦ ግድባችንን ከፍ ለማድረግ 90 ሚሊዮን ዶላር እንበደር፣ እናንተ ደግሞ በንብረት ግብራችሁ ክፈሉ። ነዋሪው በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀው፤ ግድቡም ተሠራ። ሰው ግብር አይወድም ይባላል። ምን እንደሚሠራለት ሲነገረው ግን ይከፍላል። በእርግጥ ይህ የሚሆነው መክፈል ለሚችል ከተማ ነው። ድሃ ማዘጋጃ ቤት ብድሩንም አያገኝም፣ ቢያገኝም መመለሻ የለውም፤ እዚያ ላይ ማዕከላዊ መንግሥትና ለጋሽ መግባት አለበት። ግን ሲገቡ ለግንቡ ብቻ ሰጥተው እንዳይወጡ። ግንብን በየዓመቱ የሚጠግን፣ ፓምፕን በየወሩ የሚያስነሳና የሚፈትሽ ሰው ደሞዝ ያስፈልገዋል። ስንት ፓምፕ አይቻለሁ፣ ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የዛገ።

ጊዜም አለ። ቬኒስ በ1966 ክፉኛ ተጥለቀለቀች። ባህሩን የሚያግደው ሥራ የተጀመረው በ2003 ነው። በ2014 በግንባታው ዙሪያ የሙስና ምርመራ ተከፍቶ የከተማዋ ከንቲባ ሳይቀሩ ታሰሩ። በ2019 ኅዳር ውሃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን አመሳት። 78ቱ በሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ማዕበል ላይ የተነሱት በ2020 ጥቅምት ነው። ከ1966 እስከ 2020 ቁጠሩት። አሁን በሮቹ ይሠራሉ፣ ከተማዋንም ብዙ ጊዜ አድነዋል። ነገር ግን ዛሬ ያልጀመረ ማዘጋጃ ቤት ውሃው ሲመጣ እጀምራለሁ ብሎ ራሱን ማታለል የለበትም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፣ መጣደፍ። በሴኔጋል ሴንት ሉዊ ከተማ በ2003 ጥቅምት ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ሊያሰጥም ሲል፣ ወንዙንና ባህሩን በሚለየው የአሸዋ ጥብጣብ ላይ 4 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ በፍጥነት ተቆፈረ። ውሃው በርግጥም ወረደ፤ ከተማዋ ያን ጊዜ ተረፈች። ቦዩ ግን አልቆመም። ባህሩ እየቆረሰ እየቆረሰ ወደ ኪሎ ሜትሮች አሰፋው። መንደሮች ጠፉ፣ የእርሻ መሬት በጨው ተበላሸ፣ ዓሣ አጥማጆች በዚያ በኩል ሲወጡ በማዕበሉ ይሞታሉ። 4 ሜትር ነበር! በሌላ በኩል ደግሞ ሞዛምቢክ ውስጥ ቤይራ የምትባል ከተማ አለች። ከንቲባው ዳቪዝ ሲማንጎ በነበሩበት ዘመን፣ በከተማዋ መሃል የሚያልፈውና በቆሻሻ ተደፍኖ የነበረው የቺቬቬ ወንዝ ተጠረገ፣ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ተተከለበት፣ ባህሩ ሲሞላ የሚዘጋ በር ተሠራለት፣ ዳርቻው መናፈሻ ሆነ። በ2019 ሳይክሎን ኢዳይ ቤይራን ሲመታት ነፋሱ ከተማዋን ቢያፈራርሳትም፣ የተሠራው ማፋሰሻ ባለበት አካባቢ የዝናቡ ውሃ ቶሎ ወረደ። ወንዝን ለወንዝነቱ መልቀቅም እቅድ ነው።

በዚህ መሃል ከባህሩ ይልቅ መሬቱ የሚሰምጥበት ቦታ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። ጃካርታ እንዲህ ናት። ብዙ ነዋሪ የቧንቧ ውሃ ስለማይደርሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠቀማል፣ ፋብሪካውም ሆቴሉም እንዲሁ፤ ከሥር ያለው ውሃ ሲወጣ ላይኛው መሬት ይጨማደዳል። የሰሜኑ ክፍል በሜትር የሚቆጠር ወርዷል። ኢንዶኔዥያ በ2022 ዋና ከተማዋን ወደ ሌላ ደሴት ለማዛወር ሕግ አወጣች፤ ለመዛወሩ አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ቶኪዮም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዲሁ ስትሰምጥ ነበር፤ አንዳንድ ሰፈሯ ከ4 ሜትር በላይ ወርዷል። ጃፓኖች ግን ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጉድጓድን በሕግ ገደቡ፣ ለፋብሪካዎች ሌላ ውሃ አመጡላቸው፣ መስመጡም ቆመ ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፣ ሌላ ውሃ አመጡላቸው። ቧንቧ ሳታስገባ ጉድጓድ ብትከለክል ማንም አይሰማህም። ይህ አንድ ከተማ የዓለምን ጉባኤ ሳትጠብቅ በራሷ እጅ ልታደርገው የምትችለው ነገር ነው።

ጎረቤትም አለ። አንዱ ከተማ ግንብ ሲያቆም ማዕበሉ ግንብ ወደሌለው ይዞራል፤ አሸዋውም ሲታገድ የጎረቤት ዳርቻ ይሸረሸራል። ካሊፎርኒያ በ2023 ባወጣችው ሕግ የባህር ዳርቻና የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢያዊ መንግሥታት በሙሉ እስከ 2034 መጀመሪያ የባህር ጠለል እቅድ እንዲያዘጋጁ አዝዛለች። አንዱ አቅዶ ሌላው እንዳይቀር ማለት ነው።

አሁን በጣም ወደሚከብደው ልግባ። ሊከለል የማይችል ቦታ አለ። ምንም ግንብ ቢሠራ የማይድን ሰፈር አለ፤ ይህንን ለሰው መንገር የማዘጋጃ ቤት ግዴታ ነው። ግን እንዴት ይነገር?

ፌርቦርን የምትባል የዌልስ መንደር አለች። ጥቂት መቶ ቤት ናት፣ ከባህሩ ጋር ፊት ለፊት። የአካባቢው ምክር ቤት በ2013 አካባቢ በተቀበለው የዳርቻ እቅድ ለተወሰነ ጊዜ ግንቧ እንዲጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንዲተው ተወሰነ፤ 2054 የሚል ዓመትም ወጣ። ሳይንሱ ላይ አልከራከርም፤ በቅንነት ነው የተናገሩት። ችግሩ ከቀኑ ጋር ሌላ ነገር አለመምጣቱ ነው። ካሳ የለም፤ በአገሩ ሕግ እንዲህ ላለ ነገር ካሳ የመክፈል ግዴታ የለም። የት እንደሚሄዱ አልተነገራቸውም። ቀኑ ግን በጋዜጣ ወጣ። ባንክ ብድር መስጠት አቆመ፣ የቤቱ ዋጋ ወደቀ። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ለጡረታው ቤት የገዛ ሰው፣ ውሃው ሳይደርስበት ቤቱ ባዶ ሆነበት። መሸጥ አይችልም፣ መሄድ አይችልም፣ መቆየትም አይፈቀድለትም። በባህሩ ፈንታ ወረቀት ቀድሞ አጥለቀለቀው።

ሌላ መንገድ ነበር። በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒውዮርክን ሲመታ፣ ስታተን አይላንድ ላይ ያለችው ኦክዉድ ቢች ሰዎች ሞቱባት። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተሰበሰቡና «ግዙን፣ እንሂድ» አሉ። የግዛቲቱ መንግሥት ቤቶቹን ከማዕበሉ በፊት በነበራቸው ዋጋ ገዛ፤ መሬቱም ለረግረጉና ለአእዋፉ ተለቀቀ። ፊጂ ውስጥ ደግሞ ቩኒዶጎሎአ የተባለች መንደር በ2014 ወደ ውስጥ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ተዛወረች፤ የሄዱት ወደ ራሳቸው ማኅበረሰብ መሬት ነው። ፊጂ ከዚያ ተምራ በ2018 ስለ መዛወር ብሔራዊ መመሪያ አወጣች። በሁለቱም ቦታ ሰው ተለያይቶ አልተበተነም የሚል የለም፣ ማልቀስም አልቀረም። ግን መጀመሪያ ተጠይቀዋል፤ መድረሻም ዋጋም ከቀኑ ጋር ተነግሯቸዋል።

ተከራይን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ካሳ ሲሰላ ባለቤት ነው የሚታየው። ግንብ የት ይሠራ ሲባልም ስሌቱ የንብረት ዋጋ ስለሚደምር፣ ውድ ሰፈር ቀድሞ ይከለላል፤ ዓሣ አጥማጁና የቀን ሠራተኛው የሚኖርበት ቆርቆሮ ቤት «አያዋጣም» ይባላል። የሰው ቁጥርም ይደመር። ከዚያ የተረፈው ስሌት ይሠራ።

የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ፤ ከመጠየቄ በፊት ግን ስለ አንድ ድንጋይ ልንገራችሁ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ዮሐነስ ሁደ የሚባል የሒሳብ ሊቅ የአምስተርዳም ከንቲባ ነበር። የከተማዋ ውሃ የሚደርስበት ከፍታ ተለክቶ፣ የባህሩ ግድብ ከዚያ ምን ያህል በላይ እንደሆነ ታወቀ። ከዚያ ስምንት የእብነ በረድ ድንጋዮች ተዘጋጅተው በተለያየ ቦታ በውሃ መዝጊያዎቹ ላይ ተተከሉ። በእያንዳንዱ ላይ አግድም የተቆረጠ መስመር አለ፣ ከመስመሩ ጋር ጽሑፍ፦ የባህሩ ግድብ ከፍታ ከከተማው ልክ 9 ጫማ ከ5 ኢንች በላይ ነው። ማንም የሚያልፍ ሰው፣ ጀልባ ቀዛፊው ሳይቀር፣ ውሃው የት እንዳለና ግድቡ የት እንዳለ አይቶ ልዩነቱን በዓይኑ መለካት ይችል ነበር። አንዱ ድንጋይ እስከ ዛሬ በቦታው አለ።

ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ባህር ጠለል ስትጽፉ አንድ ጋዜጠኛ ወደ አንድ የባህር ዳርቻ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ላኩልን። እቅዱን አይጠይቅ፣ እቅድ ይሰጡታል። ይልቅ የፍሳሽ ክፍሉን የቱቦዎቹን አፍ ከፍታ ይጠይቅ። ፈቃድ ክፍሉን ባለፈው ወር የፈረሙት ሕንፃ የየትኛውን ዓመት ባህር አስቦ እንደተፈቀደ ይጠይቅ። ፋይናንስ ክፍሉን ለፓምፕ ጥገና በዘንድሮ በጀት ስንት እንደተያዘ፣ ምክር ቤቱን ደግሞ ባህሩ የት ሲደርስ ምን እንደሚወስኑ። መልሱን እንዳለ አትሙት፤ «አናውቅም» ካሉም «አናውቅም» ብላችሁ አትሙት። ቁጥሩን ከሰጧችሁ ግን ገጽ አንድ ላይ አውጡት፣ ማዘጋጃ ቤቱም በሩ ላይ እንዲለጥፈው ጠይቁልን፤ እኚያ እናት ሲያልፉ እንዲያነቡት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ